አምስት እኩያ ድንች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ይህን የሚያነብልሽ ታናሼ ስለሆነ ሳሚልኝ። አይቸኩል፣ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ባለፈው በስልክ "ድንቼ ተሸለመ" ስልሽ "ደግሞ ለድንች ምን ሽልማት አለው?" አልሽኝ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

እዚህ አገር በየአውራጃው፣ እነሱ ካውንቲ ነው የሚሉት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ያፈራውን ይዞ የሚወጣበት ትልቅ ዝግጅት አለ። ፌር ይባላል። ላሙ፣ በጉ፣ ዶሮው፣ ማሩ፣ ዳቦው፣ ጥልፉ፣ አትክልቱ፣ ሁሉም ይቀርባል። ዳኛ አይቶ ደረጃ ይሰጣል። የቆየ ልማድ ነው። በፈረንጆች በ1807 ኤልካና ዋትሰን የሚባል ሰው፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፒትስፊልድ የምትባል ከተማ አደባባይ ላይ ሜሪኖ የሚባሉ ሱፋቸው ጥሩ የሆነ ሁለት በጎች አቁሞ ለሕዝብ አሳየ። ሰው ለሁለት በግ እንዲህ ከመጣ፣ ከብቱና እህሉ ሁሉ ቢታይማ ብሎ አሰበ ይባላል። የኛው ካውንቲ፣ ሞንትጎመሪ፣ ጌይተርስበርግ ላይ ፌሩን የጀመረው በፈረንጆች በ1949 ነው። በነሐሴ ወር ውስጥ ለዘጠኝ ቀን ይቆያል።

እኔ ገበሬ አይደለሁም፣ ታውቂያለሽ። ሌሊት አረጋውያን ስጠብቅ አድራለሁ። ግን በዓመት ኪራይ የምይዛት አንዲት መደብ አለችኝ። ብዙ ሰው ጎን ለጎን የሚያለማበት ቦታ ነው። አጋዘን እንዳይገባ ዙሪያው ታጥሯል። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠልና ብስባሽ እየጨመርኩ አለሰለስኩት። ጠዋት ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። እጄ አፈር ሲነካ ድካሙ ይለቀኛል።

ዐምና ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደርኩ። ያሸነፈኝ ችኮላዬ ነው። ከድንቹ ትልልቁን መረጥኩ። በብሩሽ ፈግፍጌ አጠብኩት፣ ልጣጩ ተጫረ። ቃሪያውንም አምስት ተብሎ ስድስት አቀረብኩ። ዳኛው ሳያየው አለፈው። በጣም ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። አትክልቱን የምትረከበው አሮጊት ሴትዮ ፊቴን አይታ ጠራችኝ። አስተዛዝና አስረዳችኝ። ዳኛ ትልቅ አይፈልግም። ትልቅ ዱባ ካለሽ ለብቻው የሚመዘንበት አለ። ሳህን ላይ የሚፈለገው አምስቱ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በቀለም አንድ እንዲሆኑ ነው። ድንች አይፈገፈግም፣ አፈሩ በስሱ ይጠረጋል እንጂ።

ያን ዕለት ማታ አንቺን አስታወስኩ። ደብረ ታቦር፣ ጓሮአችን፣ ጆንያው ላይ ተቀምጠሽ ድንች ስትለዪ። አንዱ ክምር ለገበያ፣ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘር። እኔ ልርዳሽ ብዬ ትልልቁን ወደ ዘሩ ስወረውር እጄን ትይዢኝ ነበር። ለዘር እንቁላል የሚያህለውን፣ ዓይኑ ደህና የሆነውን። ከጎረቤት ጋር እያወራሽ፣ ወደ ድንቹ ሳታዪ እንኳ፣ ጣትሽ እኩያውን ከእኩያው ያገናኝ ነበር። ፈረንጇ ሴትዮ የነገረችኝ ያንኑ ነው። እኔ ግን ከአንቺ ዘንድ ትቼው መጥቼ ነበር።

ዘንድሮ ድንቹን መጋቢት መጨረሻ ተከልኩ፣ ሐምሌ ላይ ቆፈርኩ። ፀሐይ አይቶ እንዳያረነጉድ ጆንያ ሥር አሳደርኩት። ከዚያ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁትና ከልጄ ጋር መለየት ጀመርን። እሷ በዓይኗ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ። አርባ ከሚሆነው አምስት ቀረ። አራቱን ቶሎ አገኘን፣ አምስተኛውን ግን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስንፈልግ ቆየን።

ጎመኑ ደግሞ የሐበሻ ጎመን ነው። ዘሩን እዚሁ ካለች የአገር ልጅ አገኘሁ። ጎህ ሲቀድ ጤዛው ሳይለቀው ቆረጥኩና ግንዱን ውኃ ውስጥ አቆምኩት። ልክ አንቺ እንደምታደርጊው። የራሱ ምድብ ስለሌለው "ሌላ አትክልት" ከሚለው ጋር ገባ። ተረካቢዋ ስሙን አስደገመችኝ፣ ጻፈችው፣ እንደገና አነበበችልኝ። ጎ-መን።

ፌሩ ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ግቢው በጥብስና በቅቤ ሽታ ተሞልቷል። እኔ የቲማቲም ፍትፍት በዕቃ ይዤ ዛፍ ሥር በላሁ። የቡሄ ዕለትም እዚያው ነበርን። ፎር ኤች የሚባል የልጆች ማኅበር አላቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ጥጃውን በቧንቧ ያጥባል፣ ይቦርሻል፣ ሰው ሲጠይቀው ስለ መኖው ያስረዳል። የኔው ልጅ ዓይኑ እዚያ ቀረ። "እኛስ ለምን ላም የለንም?" አለኝ። ጅራፍ ሲጮህ ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ የደብረ ታቦርን በዓል ያስረዳሁት እዚያ በረት አጠገብ ቆሜ ነው። የቆሎው፣ የሙልሙሉ፣ የሆያ ሆዬው ነገር። አዳመጠኝ፣ እማዬ። ቤት ውስጥ ስነግረው እንዲህ አያዳምጥም።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ቃሪያው ምንም አላገኘ። ከአምስቱ አንዱ ትከሻው ላይ መቅላት ጀምሮ ነበር፣ እኔ አላየሁትም። ጎመኑ ሦስተኛ ወጣ፣ ነጭ ሪባን። ድንቹ ሰማያዊ ሪባን አገኘ፣ አንደኛ ማለት ነው። ገንዘቡ ጥቂት ዶላር ነው። ግን ሳህኑ ፊት ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ዳኛው እንዳያዳላ ሲፈርድ ካርዱ ላይ ያለው ስም ተሸፍኖ ነው። ኋላ ይገለጣል። ሲገለጥ የኔ ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባዬ ስም፣ ነፍሱን ይማረው። አባዬ ደስ ይበለው። ድንች መለየት ያስተማርሽኝ አንቺ ግን ካርዱ ላይ የለሽም።

ስለዚህ ሰማያዊውን ሪባን ለአዲስ ዓመት በሚመጡት ሰዎች ልኬልሻለሁ። ከጀርባው በእስክሪብቶ ስምሽን ጽፌበታለሁ። ታናሼ ያንብብልሽ።

እስከዚያ ግን የምጠይቅሽ አለ። ጎመኑ አሁን አበባ ሊይዝ ነው። ለዘር ስንት እግር ነው ሳትቆርጪ የምትተዪው? ዛላው ቢጫ ሲሆን ነው የምታነሺው ወይስ ግንዱ ላይ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ? በሚቀጥለው ስንደዋወል መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ።

ናፋቂ ልጅሽ