ለአባቴ፣ ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ታናሿ እንደ እርስዎ ግራኝ ነው የወጣው።

እማዬ «ሳሉ ሌሊት ሌሊት አላስተኛቸውም» አለችኝ። እርስዎ ስልኩን ሲቀበሏት ግን «ብርድ ነው» አሉኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ፣ አባዬ።

ሁለት የስፒከር ሳጥን እየሠራሁ ነው። በ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ በሚሠራው ሰሌዳ። እሱ እንጨት ነው እንዴ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን እንደ ጣውላ አይጣመምም፣ አይሰነጠቅም። ለስፒከር ደግሞ የሚፈለገው ይሄ ነው። ሳጥኑ ከተንቀጠቀጠ ድምፁ ይበላሻል፤ በመገጣጠሚያው አየር ካመለጠ ቤዙ ይጠፋል።

ላዩን የዋንዛ ቬኒር፣ ስስ የእንጨት ልባስ፣ አለበስኩት። ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ቢሆን ነው፤ ብርሃን ላይ ሲይዙት ጣት ያሳያል። በማስቲሽ አላደረግኩትም። ማስቲሽ አንዴ ከነካ በቃ፣ ማንሸራተት የለም። ነጩን ኮላ ሳጥኑም ላይ ቬኒሩም ላይ ቀብቼ እስኪደርቅ ተውኩት። ከዚያ ጨርቅ ደርቤ በካውያ ከመሃል ወደ ዳር ገፋሁት። ኮላው በሙቀቱ ለስልሶ ይይዛል። ትርፉን በከተር ቀስ እያልኩ ደጋግሜ ነው የቆረጥኩት። ከቸኮሉበት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይሰነጠቃል። ሲያልቅ ገጹን በሙሉ በጥፍሬ አንኳኳሁ። ባዶ የሚል ድምፅ የሰጠኝ ቦታ ላይ ካውያውን መለስኩበት።

ማንኳኳቱን ከእርስዎ ነው ያየሁት። የወርክሾፕዎ በር ላይ ቆሜ። ወደ ውስጥማ አያስገቡኝም ነበር። ወንድሜ ሰጋቱራው ላይ እየተንከባለለ ነው ያደገው። እሱን እንተወው።

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ከቁርጥራጭ ኮምፔልሳቶ ለቴፑ ስፒከር ሳጥን ሠርቼ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ምድጃ ገባ። «ደብተርህን ያዝ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም። እርስዎ ረስተውት ይሆናል። እኔ ሽታውን ሳይቀር አልረሳሁትም። ተምሬ ሰው እንድሆን ብለው ነው። ሆኛለሁም፤ ልጆቼን የማሳድገው በዚያው ትምህርት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ለምን እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ልጄ፣ ይሄ አቧራ ደረት ይበላል ቢሉኝ እሰማዎት ነበር።

ያውቁ ነበር አይደል?

እኔ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ማስክ አደርጋለሁ። የኤምዲኤፍ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ሙጫም አለበት። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በጋቢዎ ጫፍ አፍዎን ይዘው ነው የሠሩት። አሁንም ጠዋት ጠዋት ወርክሾፕ እንደሚገቡ ሰምቻለሁ። ለማን ብለው ነው? ተዉ እንጂ።

ደግሞ ኮላው ብርድ እንደማይወድ ያወቅኩት አሁን ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እንደ ኖራ ነጥቶ ይደርቃል፤ አይዝም። በኅዳር ውርጭ የኮላውን ቆርቆሮ ምድጃ ዳር የሚያስቀምጡት ለዚህ ነበር? ጠይቄዎት አላውቅም። ብዙ ነገር ጠይቄዎት አላውቅም።

የሳጥኖቹን ፊት እስካሁን አላለበስኩትም። ፊቱ መጨረሻ ነው የሚሆነው፤ የጎኖቹን ጠርዝ የሚሸፍነው እሱ ነው። ይምጡና አብረን እንሥራው። አቧራ የለበትም። ካውያውን እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ያንኳኩ።

ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ አያደክምዎትም። ማክሰኞ የደረት ሐኪም ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። እማዬ መሐረቡ ላይ ያየችውን ነግራኛለች፤ እሷን እንዳይቆጧት። የድሮው ራጅ ከቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ እሱን፣ የሚውጡትን መድኃኒትና ወፍራሙን ካፖርት ያዘጋጁ። እምቢ እንዳይሉኝ፣ አባዬ።

ልጅዎ