ሲስተም ሲመረቅ ቨርዥኑንም ጠይቁልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲስተም ሲያስመርቅ ዜናው ጋዜጣችሁ ላይ ይወጣል። ስንት ብር እንደፈጀ፣ ስንት ሰው እንደሚያገለግል፣ ማን ሪባን እንደቆረጠ እናነባለን። የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ግን ባለበት አይቆምም። ኮዱን ከቋንቋው ጋር እያስማማ የሚሄድ ሰው ካልተመደበለት ሲስተሙ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ማንም ሊነካው የማይደፍረው ነገር ይሆናል። ይህ ሲነሳ አላየሁም። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ጉዳዩ ያንገበግበኛል።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ልውሰድ። ሦስተኛው ቨርዥን (እትም)፣ ፓይተን 3፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ነው። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰምና ባልደረቦቹ የቆዩ ስህተቶችን በአንዴ ለማረም ብለው፣ ከፓይተን 2 ጋር ሙሉ በሙሉ እንደማይስማማ እያወቁ ነው ያወጡት። ፓይተን 2 በ2015 ይቆማል ተባለ፤ ሰዉ አልደረሰም፤ ወደ 2020 ተገፋ። የመጨረሻው 2.7.18 በኤፕሪል 2020 ወጣና በሩ ተዘጋ። ሽግግሩ ከ11 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ያኔ ከተደረጉት ለውጦች ትልቁ የጽሑፍ አያያዝ ነው፤ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን በቀጥታ ይነካናል። በፓይተን 2 በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በባይት (ኮምፒውተር መረጃ በሚለካበት ትንሽ አሃድ) ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው የተለመደ ስልት) ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብትሉት 9 ይላችኋል። ፓይተን 3 ግን 3 ይላል። አንድ ሥራ ላይ መታወቂያ የሚያትም አሮጌ ፕሮግራም አጋጥሞኝ ነበር። ስም ከ20 እንዳይበልጥ ተብሎ ተጽፏል፤ ለእንግሊዝኛ ስም ይህ ሰፊ ቦታ ነው። «ወልደገብርኤል» ግን ስምንት ፊደል ብቻ ሆኖ ሳለ 24 ባይት ይሆናል። ካርዱ ላይ የወጣው «ወልደገብር» ነው፣ ከኋላው የተበላሸ ምልክት ተለጥፎበት። ምልክቷ ምን መሰለቻችሁ? ግማሽ መንገድ ላይ የተቆረጠችው ኤ ናት። ሰውየው የገዛ ስሙን በመታወቂያው ላይ ጎደሎ አድርጎ ሲያየው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

እንግዲህ ከማንም በፊት ወደ አዲሱ ቨርዥን መሻገር የነበረብን እኛ ነበርን። ዛሬም ግን «እየሠራ ነው፣ ምን አስነካህ» እየተባለ በፓይተን 2 የሚሄድ ሲስተም አለ።

ሌላው አስቸጋሪ ለውጥ ማካፈል ነው። በአሮጌው 5ን ለ2 ብታካፍሉ 2 ይመጣል፤ በአዲሱ 2.5። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ስህተት ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ሌላ ቁጥር ያወጣል። ጽሑፍ እንዲያወጣ የሚታዘዝበት «ፕሪንት» ያለ ቅንፍ ሲጻፍ አዲሱ ፓይተን ወዲያው እምቢ ይላል፤ እሱ ቀላል ነው፣ አይታችሁ ታስተካክላላችሁ። የማካፈሉን ግን የምታገኙት ሒሳብ ክፍል ያለች ጠንቃቃ ሴት «ይቺ ድምር ልክ አይደለችም» ስትል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የደረሰበት መንገድ በአሮጌውም በአዲሱም የሚሠራ አንድ ኮድ መጻፍ ነው። ፋይሉ አናት ላይ፣ የአዲሱን ቨርዥን አሠራር ወደ አሮጌው ከሚያመጣው «ፊውቸር» ከሚባል የፓይተን ክፍል አዲሱን ማካፈልና አዲሱን ፕሪንት ታስገባላችሁ። ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በየትኛው ስልት ወደ ባይት እንደሚቀየር) በግልጽ ትጽፋላችሁ። የቀረውን ልዩነት «ሲክስ» የሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ይሸፍነዋል (ስሙ ሁለት ሲባዛ በሦስት ነው)። ከዚያ ቴስቱን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ኮድ) በሁለቱም ላይ እያስኬዳችሁ ቀስ በቀስ ትሻገራላችሁ። የቋንቋው ሰዎች ራሳቸው መጀመሪያ ያሰቡት አሮጌውን ኮድ ወደ አዲሱ በሚቀይር መሣሪያ ሁሉም ይሻገራል ብለው ነበር። አልሆነም። ሰዉ አንድ ኮድ ለሁለቱም እንደሚፈልግ ሲያዩ፣ በፓይተን 2 ጽሑፉ በፊደል እንዲቆጠር ከፊቱ ትገባ የነበረችውንና በ3.0 ያስቀሯትን የ«ዩ» ምልክት እ.ኤ.አ. በ2012 በ3.3 መልሰው አስገቧት። ለአዲሱ ቋንቋ የምትጨምረው አንዳች ነገር የለም፤ የመለሷት ለሚሻገረው ሰው ሲሉ ነው። ይህን ውሳኔያቸውን በጣም አከብረዋለሁ።

እኛ ጋ የማየው ግን ሁለት ጽንፍ ነው። ወይ አይነካም፣ ወይ ሁሉም ይጣልና ከዜሮ ይጻፍ። ከዜሮ መጻፍ ደስ ይላል፤ ለኮንትራክተሩም ጥሩ ገንዘብ አለው። ነገር ግን ያ አስቀያሚ የምትሉት ኮድ ውስጥ፣ ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ቀኑ እንዳይዛባ አንድ ሰው አንድ ቀን ተቸግሮ የጨመራት መስመር አለች። አዲሱን የሚጽፈው ልጅ ስለሷ አያውቅም። የሚያውቀው ጳጉሜ 6 ስትደርስ ነው።

ደግሞ የፓይተን 2 ነገር አልፏል፣ ከእንግዲህ ሰላም ነው እንዳትሉ። በ3.7 «ኤሲንክ» የተጠበቀ ቃል (ቋንቋው ለራሱ የያዘው፣ ለሌላ ነገር ስም የማይሆን) ሲሆን ያንን ስም በኮዳቸው የተጠቀሙ ላይብረሪዎች ተሰበሩ። በ3.12 «ዲስትዩቲልስ» የሚባለው የፓኬጅ (ተጨማሪ ኮድ) መጫኛ ከፓይተን ተወገደ፤ በእሱ የሚጫኑ አሮጌ ፓኬጆች እንደነበሩ አልጫን አሉ። አሁን አዲስ ቨርዥን በየዓመቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱም ድጋፍ የሚያገኘው 5 ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንላችሁ የለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ወጣቶች ኮዲንግ እየተማሩ ነው፣ እሰየው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሥራ ሲይዙ የሚጠብቃቸው ባዶ ገጽ ሳይሆን ሌላ ሰው ጽፎት የሄደ ኮድ ነው። ስለዚህ የሰው ኮድ ማንበብን፣ ሳይሰብሩ ማሻገርን፣ ከመንካት በፊት ቴስት መጻፍን ከጅምሩ አስተምሯቸው። ሲስተም የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶችም ውሉ ላይ ርክክቡን ብቻ ሳይሆን ቨርዥን የማሻሻሉን ሥራና በጀቱን አብራችሁ ጻፉ። ኮዱንም ተረከቡ፤ ኮንትራክተሩ ዘንድ አይቅር።

እናንተ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ጋዜጠኛችሁ ማይኩን ሲያቀርብ ሁለት ጥያቄ ይጨምርልን፦ ይህ ሲስተም የሚሠራበት ቨርዥን ድጋፉ መቼ ያበቃል? ያኔስ የሚያሻግረው ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ