ለተቃዋሚው ሁለት ደቂቃ ይጨመርለት፦ ለአፈ ጉባኤው ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ
አዲስ አበባ

የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም። የምክር ቤቱን ስብሰባ በቴሌቪዥን ቁጭ ብለው ከሚከታተሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝ። ቤተሰቦቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ማብራሪያ በሚሰጡበት ቀን፣ ጥያቄ ያቀረበ ተቃዋሚ ከመልሱ በኋላ ለተከታይ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ይሰጠው።

ያ ቀን እንዴት እንደሚሄድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የሚመሩት እርስዎ ነዎት። አባላት በየተራቸው ማይክ ይከፍታሉ፣ ከወረቀት ያነባሉ። አንዱ ስለ ስንዴ፣ አንዱ ስለ መንገድ፣ አንዱ ስለ ማዳበሪያ። ለአንዳንዱ ጥያቄ እንኳ ማለት ይከብዳል፤ ምስጋናው ይበዛል። መሀል ላይ አንድ ሁለት ተቃዋሚ ይገባና ስለ ጦርነቱ፣ ስለ እስሩ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ይጠይቃል። ሁሉም ተጠራቅሞ ካለቀ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይጀምራሉ። ሁለት ሰዓት፣ ሲረዝምም ሦስት ሰዓት። የተቃዋሚው ጥያቄ አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ በቀልድ ይታለፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጠያቂው ራሱ ይገሠጻል። አዳራሹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ካሜራው ወደ ጠያቂው ዞር ሲል ሰውየው ወረቀቱን እያየ ተቀምጧል። «እኔ የጠየቅኩት እኮ ይህን አይደለም» የሚልበት ተራ የለውም።

ለገዥው ፓርቲ አባል ይህ ብዙም አይጎዳውም። ሚኒስትሩን በፓርቲ ስብሰባ ያገኘዋል። ተቃዋሚ ግን ከዚያች ማይክ ሌላ ምን አለው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ውይይት ለማስከፈት ግን የአባላቱ አንድ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ከ547 ወንበር ይህ ከ180 በላይ ሰው ነው። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) 5፣ ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) 4 ወንበር ነው ያገኙት። ሒሳቡን ለእርስዎ ልተው። አጀንዳ የማስያዙ ነገርም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ 20 አባላት ከተስማሙ አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች በብዛት ሊገቡ ሲሉ ተሰናባቹ ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አደረገው። ስለዚህ ለተቃዋሚ የቀረው ጥያቄው ብቻ ነው።

አቶ ግርማ ሰይፉን ያስታውሷቸዋል ብዬ አምናለሁ። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበር መድረክ የሚባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን የምክር ቤት ዜና መዝጊያው ይታወቅ ነበር፦ «አዋጁ በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።» ስማቸው ባይጠራም ያ አንድ ማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ መቃወም ግን ይችላል። «የምትቃወሙ?» ሲባል ከመቶዎች መሀል ብቻዬን እጄን አወጣ ነበር ወይ እያልኩ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። እንጃ።

በሐሳባቸው ሁሉ አልስማማም። ሰውየው የሊበራል አስተሳሰብ አራማጅ ናቸው፤ መንግሥት ከገበያው እጁን ይሰብስብ ባይ። እኔ ደግሞ ዘይትና ዳቦ ላይ መንግሥት እጁን ቢሰበስብ ምን እንደሚውጠን እያሰብኩ የምፈራ ሰው ነኝ። አሠራራቸውን ግን ወድጄዋለሁ። ብቻዬን ነኝ ብለው ወንበሩን ጥለው አልሄዱም። ረቂቁ ከፊታቸው ነው፤ ይጠይቃሉ፣ ይቃወማሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ይመጣሉ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንን መምራታቸውን ይዘው የሚያሟቸው አሉ። ያ ሌላ ወሬ ነው። እሳቸው ከወጡ በኋላ በ2007ቱ ምርጫ ያ አንድ ወንበር እንኳ ጠፋ፤ 547ቱም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። አምስት ዓመት ሙሉ «በአንድ ተቃውሞ» የሚለው እንኳ ናፈቀን።

ተከታይ ጥያቄ ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለጉ ሩቅ አይሂዱ፤ የራስዎ ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ አለ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ ሲመሩ አይተናል። ጠረጴዛው ላይ የዋና ኦዲተር ግኝት፣ ፊት ለፊት የተቋሙ ኃላፊ። ኃላፊው «እየሠራንበት ነው» ሲል «መቼ ያልቃል? ተጠያቂውስ ማን ነው?» ብሎ መመለስ የሚቻልበት ቦታ ያ ነው። ስለ አቶ ክርስቲያን የፖለቲካ አቋም ማንም የፈለገውን ይበል፤ እኔም የማልወድላቸው ንግግር አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ መታሰራቸው ግን የእርስዎንም ቤት የሚነካ ጉዳይ ነበር። አንቀጽ 54 አባል በምክር ቤት በሰጠው አስተያየትና ድምፅ እንደማይከሰስ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ እንደማይያዝ ይላል። ያን ጊዜ ከአፈ ጉባኤው ወንበር ጠንከር ያለ ቃል ጠብቄ ነበር።

ጊዜ የለንም ሊሉኝ ይችላሉ። በአንድ ቀን ተራ የሚያገኙ ተቃዋሚዎች ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። ቢደመር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከሦስት ሰዓት ላይ ይህ ይከብዳል? ሕገ መንግሥቱንም መንካት አያስፈልግም፤ የአሠራር ደንቡን የሚያወጣው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። አንቀጽ 59።

ከቻሉ አንድ ነገር ልጨምር። አዋጅ በእጅ ማውጣት ሲጸድቅ ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ማን ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረገ በስም ይመዝገብና ይገለጽልን። ያው አንቀጽ 54 አባላት ለሕሊናቸው ጭምር ተገዢ ናቸው ይላል። የእኔ ተወካይ እጁን መቼ እንዳወጣ ሳላውቅ በሚቀጥለው ምርጫ በምን ልመዝነው?

ደንብ ማሻሻሉ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ቀላሉን ይሞክሩት። በሚቀጥለው የማብራሪያ ቀን፣ መልሱ ሲያልቅ ወደ ተቃዋሚዎቹ ወንበር ዞር ብለው «ተከታይ ጥያቄ ያለው?» ይበሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ መራጭ