ለልጄ፦ ያ ውዱ ማለቢያ ይቅርብሽ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ጎረምሳው ሕፃንስ? ትናንት በቪዲዮ ሳየው ጉንጩ ሞልቷል። ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የጡት ወተት ማለቢያ ማሽን ፎቶ አየሁት። ዋጋውንም አየሁት። መነጽሬን አውልቄ ጠራረግኩና እንደገና አየሁት። የወር ደመወዝሽን ሊጨርስ ምንም አልቀረው! «እማዬ፣ ልግዛው ወይ?» ላልሽኝ መልሴ አትግዢው ነው። ምክንያቱ ግን በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ አይደለም። ልጁ ሲተኛልሽ አንብቢው ብዬ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

አንቺን ስወልድ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት እናቶችን ሰብስቤ ስለ ጡት ማጥባት አስተምራለሁ። ያኔ «ከ4 እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» ነበር የምንለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቁርጥ አድርጎ 6 ወር ያለው በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱን ሳልጨርስ የራሴ ጡት ይሞላል። ጋዋኔ ከፊት ሁለት ቦታ ይረጥባል። መዝገብ ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ መጸዳጃ ቤት እሮጣለሁ። ቁልፍ የለውም፤ በሩን በእግሬ ደግፌ ወተትሽን እጅ መታጠቢያው ውስጥ አልባለሁ። ትንሽ ክፍል ስጡኝ ብዬ ብጠይቅ «አሁን ደግሞ ምን መጣ?» ተባልኩ። ሌላውን እናት «ጡት ብቻ» እያልኩ የኔ ወተት በቧንቧ ይወርዳል፤ ቤት ደግሞ አያትሽ የላም ወተት በውሃ አቅጥና ትሰጥሻለች። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያንቺ ፈቃድ ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይመስገን። ቢሆንም 90 ቀን 3 ወር ነው። እስከ 6 ወር ያለውን ሌላ 3 ወር የምትሞይው እያለብሽ ነው።

ስለዚህ ከዕቃው በፊት ቀንሽን አስቢ። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተሽ ማታ 12 ሰዓት ትገቢያለሽ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠባል። አንቺ በማትኖሪበት 11 ሰዓት ወደ 350 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ትንሽ በለጥ ይላል። በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ብታልቢ፣ ሥራ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ለዚህ ደግሞ ጡት መያዣ ውስጥ የሚደበቅ፣ በስልክ የሚታዘዝ ማሽን ምን ያደርግልሻል? ውስጡ ምን እየሆነ እንደሆነ አይታይም፤ የሚታጠበው ቁርጥራጩ ብዙ ነው፤ አንዷ ፍሬ ብትጠፋ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

እኔ የምመርጥልሽ ተራውን ነው። ሁለቱንም ጡት ባንዴ የሚያልብ፣ ቀጭን ቱቦ ያለው፣ ቻርጅ የሚደረግ። ቻርጅ የሚደረግ ያልኩት መብራቱን ታውቂዋለሽና ነው። ሁለቱን ባንዴ ሲያልብ ጊዜሽ በግማሽ ያጥራል፤ ከምሳ ሰዓትሽ ላይ ምግብ መብያም ይተርፍሻል። ለሱም ብሩ ካልደረሰ በእጅ እየተጫኑ የሚያልቡት ይበቃሻል። ቀስ ይላል፣ እጅ ያደክማል፣ ግን መብራትም ባትሪም አይጠይቅም። ዋጋውን አልጽፍልሽም፤ ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው መቼ ይረጋል? ሦስት አራት መድኃኒት ቤት ጠይቂ፣ ሰው ወደ መርካቶ ላኪ፣ ከዚያ የቴሌግራሙን አወዳድሪ።

በጣም ርካሽ ሆኖ የምታገኚው ባለ ጎማ ኳሱ ነው፤ እንደ ድሮ መኪና ጡሩምባ ጨመቅ የሚደረገው። እሱን እንዳትነኪው። ወተቱ ኳሱ ውስጥ ይገባል፣ ኳሱ ደግሞ ውስጡ አይታጠብም።

የመሳብ ኃይሉን ቁጥር እያሳዩ «ይሄ ይበልጣል» ቢሉሽም አትስሚ። ድሮ ጡቷ እንደ ድንጋይ ለጠጠረባት አራስ ምን እናደርግ እንደነበር ልንገርሽ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ፍል ውሃ እንሞላና እናግለዋለን። ውሃውን ደፍተን አፉን በቀዝቃዛ ውሃ እናበርድና የጡቷ ጫፍ ላይ እናሳርፈዋለን። ጠርሙሱ ሲበርድ ጡቱን ቀስ ብሎ ይስባል። እናትየዋ ትከሻዋ ወረድ ይላል፣ ወተቱ ጠርሙሱ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ማሽን የለ፣ ቁጥር የለ። ካመመሽ ኃይሉ በዝቷል፤ ሲያምሽ ደግሞ ወተቱ እንደውም እንቢ ይላል።

ከሞተሩ ይልቅ ጡት ላይ የሚገጠመውን ጥሩንባ መሰል ነገር እዪው። ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ የሚወጣው ቀዳዳው 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ የሁሉም ሴት ጡት ጫፍ ግን 24 አይደለም። ጫፍሽ መሐሉ ላይ ሆኖ ሳይፋተግ ወደፊትና ወደኋላ ይበል። ግድግዳውን ከፋተገ ወይም ነጭ ከሆነ ጠቧል። ዙሪያው ጥቁሩም አብሮ ከገባ ሰፍቷል። ሌሎች ቁጥሮች ለብቻ የሚሸጡለትን ግዢ። ወተቱ ወደ ጠርሙሱ የሚወርድባትን ስስ የጎማ ክዳንም ጠይቂ፤ ስትለጠጥ ወይም ስትሰነጠቅ ማሽኑ መሳብ ያቆማል፣ ሰው ግን ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ትርፍ ክዳን ካልሸጡልሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስትሽ ልጅ የራሷን ልላክልሽ ማለቷን ሰማሁ። እግዜር ይስጥልን፣ ግን ይቅር። እሷማ በኢንሹራንሷ በነጻ ነው ያገኘችው፤ እዚያ አገር ከ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ኢንሹራንስ ማለቢያ መስጠት አለበት። የሷ ግን ወተቱና ሞተሩ መሐል መከለያ የሌለው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ላይ ወተት በቱቦው ወደ ሞተሩ ይገባል፤ እዚያ ቢሻግት ማንም ከፍቶ አያጥበውም። ጥሩንባና ቱቦ ብትቀይሪም ሞተሩ ያው ነው። አዲስ እልካለሁ ካለችሽ እሰየው፤ ቻርጀሩ ላይ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይፈልጉ። 110 ብቻ ከሆነ የኛ 220 ባንዴ ያቃጥለዋል።

ማለቢያውን እስክትገዢ እጅሽ አለልሽ። እጅሽን ታጠቢ፣ ጡትሽን ሞቅ ባለ ፎጣ ያዢው። አውራ ጣትሽ ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች፣ ከጫፉ ራቅ ብለው ጥቁሩ ጠርዝ ላይ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ልቀቂ። ቆዳውን እንዳትጎትቺ። ሲቀንስ ጣትሽን ዙሪያውን አዙሪ። በመጀመሪያው ቀን ጠብታ ብቻ ቢሆን አትደንግጪ፣ በሦስተኛው ቀን ይፈሳል። ፈቃድሽ ከማለቁ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምረሽ ተለማመጂው።

የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይሞቅ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ይቆያል። ከቀለጠ ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ ዕቃውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል፤ ሲያሳሳሽም ቢሆን። አያትሽ በሕይወት ኖራ ወተትሽን ሰው ሁሉ በሚከፍተው የቢሮ ፍሪጅ አስቀመጥሽ ብትባል ኖሮ እሪ ትል ነበር፤ እኔን እንኳን ሳጠባሽ በነጠላ አስሸፍና ነው። አንቺ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለሽ ስምሽን ጽፈሽ አስገቢው፣ ለዓይንም ለቡና ወተት ፈላጊም ይጠቅማል። ሞግዚቷ ደግሞ በትንሽ ስኒ ብታጠጣው ይሻላል። ጡጦ ከለመደ ጡትሽን ሊያኮርፍ ይችላል፣ ስኒ ደግሞ ለማጠብ ይቀላል።

እሁድ በሚመጣው መኪና የአጥሚት እህል ልኬልሻለሁ። አጥሚቱ ጉልበት ይሰጥሻል፤ ወተቱን የሚጨምረው ግን መጥባቱና መታለቡ ራሱ ነው። አብሮት አንዲት አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ አለች። ሌላ ዕቃ አይታጠብባትም። ማለቢያው በየጊዜው በሳሙና እዚያ ይታጠባል፣ በራሱ ይደርቃል፣ ከቱቦውና ከሞተሩ በቀር ሁሉም በቀን አንዴ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቀቀላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ ሁለት ደቂቃ ብትጨምሩ አይጎዳም።

ብትጨምሩ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ለባልሽ ደብዳቤውን አንብቢለት። ማለቡ ያንቺ ነው፤ ሳፋዋ የሱ ናት። አባትሽ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆሞ እያነበበ «እኔም ያኔ ባጥብልሽ ኖሮ» አለኝ። ያኔ የሚታጠብ ዕቃ የት ነበር!

የጡትሽን ጫፍ ለክተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ እዚህም ልጠይቅ።

እናትሽ
ከደብረ ብርሃን