ስምንት ቅዳሜ ለናሽቪል ልጆቻችን፦ የድጋፍ ጥሪ

በአንቲዮክ፣ በኖሌንስቪል ፓይክ፣ በመርፍሪስቦሮ ፓይክና በአካባቢው ለምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ለባለ ሱቆችና ለባለ ምግብ ቤቶች በሙሉ፤

የከተማችን ትምህርት ቤቶች ሜይ መጨረሻ ላይ ተዘግተው ኦገስት መጀመሪያ ላይ ይከፈታሉ። አገር ቤት ተማሪ የሚያርፈው በክረምት፣ ዝናቡ ሲወርድ ነው፤ እዚህ ቴነሲ ግን ዕረፍቱ የሚመጣው ከሙቀቱ ጋር ነው። ጁላይ ላይ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 90 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ፣ ማለትም 32 ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ወበቁ ሲጨመርበት ይብሳል። እናትም አባትም ፈረቃ ላይ ናቸው፣ ልጆቹ መጋረጃ ዘግተው ስልክ ላይ ይውላሉ። አሥር ሳምንት እንዲህ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ በዚህ ሰመር ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ 60 ልጆችና ለወላጆቻቸው የስምንት ቅዳሜ መርሐ ግብር አዘጋጅተናል፤ ይህን ለማስፈጸም 9,500 ዶላር ያስፈልገናል።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ፦ ናሽቪል ውስጥ ልጅ የሚወሰድበት ቦታ አልጠፋም፤ ብዙው ደግሞ በነፃ ነው። ቤተሰብን ቤት የሚያስቀረው መጓጓዣ፣ ጥላና ውሃ ነው። ውሃ ስንል የሚጠጣውንም የሚዋኝበትንም ማለታችን ነው። ከምንሰበስበው ገንዘብ አብዛኛው ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ይውላል።

ያለ መግቢያ ክፍያ የሚኬድባቸውን እንንገራችሁ። የባይሴንቴኒያል ፓርክ ቴነሲ ግዛት የሆነችበት 200ኛ ዓመት ሲከበር በ1996 የተከፈተ ሲሆን፣ የግዛቲቱን ወንዞች የሚወክሉ 31 ፏፏቴዎች አሉት። ልጆች ልብሳቸውን እንደለበሱ የሚራጩበት ቦታ ነው። አጠገቡ የገበሬዎች ገበያውና የቴነሲ ስቴት ሙዚየም ስላሉ ሦስቱን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፦ ጠዋት ፏፏቴው፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ሙዚየሙ። ብዙ ሰው ገልብጦ ይጀምርና ፏፏቴው ጋ የሚደርሰው ድንጋዩ የልጅ እግር በሚያቃጥልበት ሰዓት ነው። ቅያሪ ልብስም መያዝ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ ኤሲ ውስጥ የገባ ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይንቀጠቀጣልና። (ሰዓት ስንጠራ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልን።)

ፍሪስት የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዕድሜያቸው እስከ 18 ላሉ ሁሉ መግቢያው ነፃ ነው፤ ልጆች ራሳቸው የሚስሉበትና የሚያትሙበት ክፍልም አለው። መሐል ከተማ ያለው ዋናው ቤተ መጻሕፍት የራሱ የአሻንጉሊት ቲያትር ቡድን ያለው በመሆኑ ለትንንሾቹ ከሁሉ የሚሻል ቦታ ነው ብለን እናምናለን። ሴንቴኒያል ፓርክ ያለው ፓርተኖን (የጥንቱ የግሪክ ቤተ መቅደስ ቅጂ) ቴነሲ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር በ1897 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው ነው፤ ውስጡ 13 ሜትር ገደማ የምትረዝም የአቴና ሐውልት ቆማለች። ወደ ውስጥ ለመግባት ይከፈላል፤ ሜዳውና የዛፉ ጥላ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። የዋርነር ፓርኮች ከ3,000 ኤከር በላይ ደን ናቸው። የእንስሳት መጠበቂያውን (ዙውን) በዕቅዳችን ያላካተትነው ጠልተነው አይደለም፤ ለ60 ልጅ ትኬት ከተገዛ የመዋኛ ትምህርቱ ገንዘብ ስለሚያልቅ ነው። በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ የምትሄዱ ከሆነ የቀን ትኬት ከመግዛት ዓመታዊ አባልነቱን አስሉት። ኢቢቲ ካርድ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ ካርድ) ያላችሁም በየሙዚየሙ መግቢያ ቅናሽ እንዳለ መጠየቅ አትርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ እርሱም ሐይቁ ነው።

የስቶንስ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረው ፐርሲ ፕሪስት ሐይቅ ለአንቲዮክ ቅርብ ነው። አንደርሰን ሮድ ያለው የመዋኛ ዳርቻ በሰመር ቅዳሜ ይሞላል፤ ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፊት ያልደረሰ ጥላ ያለው ቦታ አያገኝም። ዳርቻው ላይፍጋርድ (ዋናተኛ ነፍስ አዳኝ) የለውም። ውሃው ድፍርስ በመሆኑ ወገብ ድረስ የገባ ልጅ እግሩ አይታይም፤ ወለሉም አንዳንድ ቦታ በድንገት ይጎደጉዳል። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት ውሃ ውስጥ መስጠም ነው። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አይጮህም። አፉ ከውሃው በታች ስለሆነ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ እጁንም የሚያወራጨው ወደ ላይ ሳይሆን ውሃውን ወደ ታች እየተጫነ ነው። ሃያ እርምጃ ርቆ ቡና የሚያፈላ ወላጅ ምንም ሳይሰማ ሊያልፈው ይችላል። ብዙዎቻችን ያደግነው ከሐይቅም ከመዋኛ ገንዳም ርቀን በመሆኑ ዘለን ገብተን የማውጣት ችሎታ የለንም። ይህን አምነን መቀበልና መዘጋጀት አለብን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ የመዋኛ ትምህርት ነው። መዋኘት ለማይችሉ 30 ልጆች በጁን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ስምንት ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። ለአንድ ልጅ 70 ዶላር፣ በድምሩ 2,100 ዶላር ነው። በስምንት ክፍለ ጊዜ ዋናተኛ አይወጣም። የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁ ፊቱን ውሃ ውስጥ አድርጎ ትንፋሽ ማውጣት፣ በጀርባው ተንሳፍፎ መቆየት፣ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ ዞሮ ጠርዙን መያዝ። ሴት ልጆች የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ሹሩባቸው ነው፤ ተራው የዋና ቆብ አይበቃውም። ለረጅም ሹሩባ የሚሆን ትልቅ ቆብ ይሸጣል፤ ጸጉሩን ቀድሞ በንጹህ ውሃ ማራስና ቅባት መቀባትም ክሎሪኑ እንዳይዘልቀው ይረዳል። ሰውነት የሚሸፍን ረጅም ልብስ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ለዋና የተሠራ ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብድና ልጁን ወደ ታች ይጎትታል። የልብሱን ቀለም በተመለከተ፣ ሰማያዊና ግራጫ ሐይቅ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ደማቅ ብርቱካናማ ምረጡ።

ሁለተኛው ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ) ነው። 40 እንገዛለን፣ አንዱ 28 ዶላር፣ ድምሩ 1,120 ዶላር። ልጆቹ ውሃ የሚገቡት ሠላሳ ሠላሳ ሆነው በሁለት ዙር በመሆኑ 60 አያስፈልግም። ልኩ የሚወሰነው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ለሆኑ 14፣ ከ50 እስከ 90 ፓውንድ 16፣ ከ90 በላይ ለሆኑ ልጆችና ለጠባቂዎች 10። «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ መግዛት እዚህ ላይ አደጋ ነው። ልጁን አልብሳችሁ እጆቹን ወደ ላይ ያንሣ፤ የጃኬቱን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩንና ጆሮውን ካለፈ ሰፍቶታል ማለት ነው። በእጅ ላይ የሚገቡት የሚነፉ ፕላስቲኮች መጫወቻ ናቸው፤ ሲተነፍሱ ወይም ሲወልቁ ልጁን የሚይዘው ነገር የለም። ቤታችሁ ያለ ላይፍ ጃኬት ብትለግሱን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ማረጋገጫ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ማሰሪያው ያልተሰበረ፣ ስፖንጁ ያልደረቀና ያልተቀደደ ይሁን።

ላይፍ ጃኬት ጠባቂን አይተካም። ዳርቻው ላይ ከ5 ዓመት በታች ያለ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ከመጣ ወላጁ እጁ ከሚደርስበት አይርቅም። ለሌሎቹ ለስድስት ልጅ አንድ ጠባቂ ይመደባል፤ ጠባቂው ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ 15 ደቂቃ ብቻ ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ይቀየራል። ከዚያ በላይ ዓይን ይደክማልና። ለስምንት አዋቂዎች የልብና የትንፋሽ መመለስ ሥልጠና እናሰጣለን፤ ለአንድ ሰው 75 ዶላር፣ 600 ዶላር ይሆናል። ነርስ የሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ከገንዘብ ይልቅ ሁለቱን የሐይቅ ቅዳሜዎች ብትሰጡን ይበልጥብናል።

ነጎድጓድ ከተሰማ፣ ሰማዩ ጠራ ብሎም ቢታይ፣ ሁሉም ከውሃው ወጥቶ መኪና ውስጥ ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ እስኪሞላ ማንም አይመለስም። በዚህ ከተማ የጁላይ ከሰዓት ዝናብ የተለመደ በመሆኑ ሐይቅ የምንውለው እስከ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፤ ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ትልቁ ወጪ መጓጓዣ ነው፦ ለአምስት ቅዳሜ የትምህርት ቤት ዓይነት አውቶቡስ ከነሾፌሩ፣ የአንድ ቀኑ 650፣ ድምሩ 3,250 ዶላር። «አሥራ አምስት ሰው የሚይዝ ቫን ተከራይታችሁ ራሳችሁ ብትነዱት አይረክስም ወይ?» ለምትሉን፣ ይረክሳል። ግን ያ ቫን በሰው ሲሞላ ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስለሚሄድ በድንገት መሪ ሲጠመዘዝ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። በግል መኪና ደግሞ በቴነሲ ሕግ ከ4 እስከ 8 ዓመት ሆኖ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ያልሞላ ልጅ ቡስተር (ከፍ የሚያደርግ የልጅ መቀመጫ) ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሦስት ቡስተር በተራ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አይገባም። ያገለገለ የሕፃን ወንበር ግን አታምጡልን፤ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ማረጋገጥ አንችልም። የቀሩት ሦስት ቅዳሜዎች፣ አንዱ የላይፍ ጃኬት ልኬትና ትውውቅ፣ ሁለቱ የሐይቅ፣ እዚሁ ቅርብ በመሆናቸው በየመኪናችን እንሄዳለን።

ለጥላ ሦስት ተጣጣፊ ድንኳን ከ12 ማስረገጫ ክብደት ጋር 510 ዶላር፤ ክብደት የሌለው ድንኳን ነፋስ ሲመጣ ተነሥቶ ሰው ይመታል። ሁለት የውሃ ጀሪካንና ሁለት ኩለር 200 ዶላር። ሰንስክሪን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥንና የመዥገር መንቀያ ወረንጦ 250 ዶላር። የጥቁር ሰው ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል፤ ሰንስክሪኑ በየሁለት ሰዓቱ፣ ከውሃ ሲወጡ ደግሞ ወዲያው ይቀባል። ከዋርነር ደን ሲመለሱ ብብት፣ ከጉልበት ኋላና የጸጉር ሥር ይታይ፤ መዥገር ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው እንጂ ክብሪት ወይም ቅባት አያስፈልግም። የፓርክ መጠለያና የዳርቻ ክፍያ 300፣ ኢንሹራንስ 700፣ መጠባበቂያ 470 ዶላር ነው።

ምግቡን ከምግብ ቤቶቻችንና ከእናቶች በዓይነት እንጠይቃለን። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ጾመ ሐዋርያት ስለሚሆን ጾም የሚጾሙም አሉ፤ ሙስሊም ቤተሰቦችም ስላሉ ሥጋ ከመጣ ሐላል ይሁንና ለብቻው ይያዝ። ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ካለፈ ከኩለር የወጣ ወጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከ90 በታች ከሆነ እስከ ሁለት ሰዓት። እንጀራ በረዶ ላይ አይቀመጥም፣ ያልባልና ይበሰብሳል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሌላ ዕቃ ይምጣ። ቆሎና ኦቾሎኒ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ይዘጋል።

28 ዶላር አንድ ላይፍ ጃኬት ነው፤ 70 ዶላር የአንድ ልጅ የመዋኛ ትምህርት፤ 650 ዶላር የአንድ ቅዳሜ አውቶቡስ። እንደ ዕቁብ አምስት ቤተሰብ ተሰባስባችሁ አንድ አውቶቡስ ብትይዙ መልካም ነው። ገንዘቡ የሚገባው በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ቁጥሩን በየቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ካሉ ተወካዮቻችን እጅ ተቀበሉ፤ ደረሰኝም ጠይቁ። ስጦታው ከታክስ የሚቀነስ አይደለም። የወጪው ዝርዝር ከነደረሰኙ ኦገስት ላይ ለሁሉም ይቀርባል። 9,500 ካልሞላ የምንቀንሰው አውቶቡስ እንጂ የመዋኛ ትምህርቱን አይደለም፤ ከተረፈ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰመር የመዋኛ ትምህርት ይቀመጣል።

ልገሳውን እስከ ሜይ 10 አድርሱልን፤ አውቶቡሱም የመዋኛው ምዝገባም ከዚያ በኋላ ቦታ ይሞላባቸዋል። ልጅ የምታስመዘግቡ ወላጆች የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ መዋኘት መቻል አለመቻሉንና ክብደቱን በፓውንድ ጽፋችሁ ስጡ፤ ላይፍ ጃኬቶቹን የምናዘው በዚያ ልክ ነው።