በኅብረት የተሠራው ሥራ የሁሉንም ስም ይያዝ

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በአዲስ አበባ በተከፈተ አንድ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ከታደሙት አንዷ ነበርኩ። ወጣት ሠዓልያን፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችና ጥጥ የሚፈትሉ እናቶች ወራት ወስደው በኅብረት የሠሯቸው ሰፋፊ ሸማዎች የቀረቡበት በመሆኑ፣ ንግግር ተደርጎ ሪባን ተቆርጦ ብቻ የሚያበቃ ምሽት አልነበረም። አንዲት እናት ከግድግዳው የተሰቀለውን ሸማ ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ይዘው ማጉን ሲዳስሱ ቆዩና «ይኼ የኔ ፈትል ነው» ብለው አለቀሱ፤ አጠገባቸው የቆምነውም ዕንባችንን መቆጣጠር አልቻልንም። ከሠዓልያኑ አንዷ ንግግሯን አቋርጣ ሸማኔዎቹንና ፈታዮቹን በየስማቸው እየጠራች ስታስነሣቸው ደግሞ አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከየሥራው ጎን የተለጠፈው ወረቀት ነው። የሥራው ርእስ፣ የሠዓሊው ስም፣ መጠኑና ዓመቱ በሚገባ ሰፍረዋል፤ የሸማኔውና የፈታይዋ ስም ግን የለም። በማግሥቱ ያነበብኩት ዘገባም የክብር እንግዳውንና የሠዓልያኑን ስም ከዘረዘረ በኋላ የቀሩትን «ባለሙያዎች» ብሎ አልፏቸዋል።

አዘጋጆቹ በክፋት አድርገውታል አልልም፤ ልማዱ የቆየ ነው። ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ እንዲቀር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ዛሬ ከአደባባይ ቢጠፋም፣ የእጅ ባለሙያን ስም አልባ አድርጎ የማለፍ ልማድ ሙያውን ለማክበር በተሰናዳ አዳራሽ ውስጥ እንኳ አልቀረም። ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። ሥራው ሲሸጥ ገዢው የሚያውቀው በወረቀቱ ላይ ያነበበውን ሰው ነው፤ ቀጣዩን ሥራ የሚያዝዘውም፣ ዋጋ የሚነጋገረውም ከእርሱ ጋር ነው። ድሩን አድርተው፣ ጥለቱን አስልተው፣ መወርወሪያ ሲወረውሩ የከረሙት አባት ግን የቀን ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሰናበታሉ።

ዐውደ ርእዩ ገና አልተዘጋም። አዘጋጆቹ ወረቀቶቹን የሁሉንም ስም ጨምረው እንደገና እንዲያትሙ፣ ከሽያጩ የሚገኘው ድርሻም ከወዲሁ በጽሑፍ ስምምነት እንዲወሰን እጠይቃለሁ። የጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ዘጋቢም ወደ ስፍራው ሲሄድ ሸማኔዎቹንና ፈታዮቹን አነጋግሮ በየስማቸው እንዲጽፍልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ