ሚሚዬ፣ ግድግዳውን ከመለጠፍሽ በፊት

ሚሚዬ የኔ ቆንጆ እንዴት ነሽ፣ እንኳን ለራስሽ ቤት አበቃሽ። ትናንት ወንድምሽ በቪዲዮ አራብሳ ያለውን ቤትሽን ክፍል በክፍል አሳየኝ፣ እልልታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማው፣ ግን መኝታ ቤቱ ጋ ሲደርስ ከመስኮቱ ስር ያለውን ጥቁር ነጠብጣብ አየሁትና ደስታዬ ቀዘቀዘ። ሻጋታ እኮ ነው። ቀለም ቀቢው «ችግር የለም ዎልፔፐር ይሸፍነዋል» አለ አሉ። አይሸፍነውም። እርጥብ ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፊ!

አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው ዎልፔፐር ላዩ ፕላስቲክ ነገር ስለሆነ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ከኋላው ታፍኖ ይቀራል፣ ሻጋታው እዛው ይራባል፣ አንቺ ደሞ አስምሽን ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ በሌሊት አዝዬሽ የሮጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፣ ከላይኛው ቤት ሻወር ነው ወይስ በመስኮቱ ጠርዝ የገባ የክረምት ዝናብ? ካስጠገንሽ በኋላ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጥብቅ አርገሽ ለጥፊና ሁለት ቀን ተዪው። ከስሩ ጤዛ ካየሽ አልደረቀም ማለት ነው፣ መስኮት ከፍተሽ ጠብቂ።

እኔ ዎልፔፐር ጠልቼ አይደለም ደሞ። ያደግኩት በተለጠፈ ግድግዳ መሀል ነው። ደሴ ያለው የጭቃ ቤታችን ውስጡ በሙሉ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነበር፣ አያትሽ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ዱቄት በውሃ በጥብጣ እሳት ላይ ታማስልና በጭስ በጠቆረው ላይ አዲሱን ትደርብበታለች፣ ማታ ማታ በረሮው ሊጡን ሊበላ ከኋላ ሲንኮሻኮሽ ይሰማናል። ፎቶ ያለበትን ገጽ እንግዳ የሚቀመጥበት ፊት ለፊት፣ ጽሁፍ ብቻ ያለውን እኛ አልጋ ጋ። ማንበብ ስለማትችል ግማሹን ገልብጣ ነበር የምትለጥፈው። እኔ ታዲያ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ጭንቅላቴን ቁልቁል አንጠልጥዬ ማዶ ያለውን አነባለሁ፣ ደም ፊቴ ላይ እስኪወርድ። አንዴ አንድ ታሪክ በጣም ይዞኝ መጨረሻው ላይ «ይቀጥላል» ይላል፣ የቀጠለበት ጋዜጣ ግን የለም፣ ባለሱቁ ስኳር ጠቅልሎበት ሄዷል። እስከዛሬ ልጅቷ ምን እንደሆነች አላውቅም።

ምን ልልሽ ነበር... አዎ፣ የሚቆጨኝ አንቺ እንደዛ ያለ ግድግዳ ሳይኖርሽ ማደግሽ ነው። በተከራየንበት ሁሉ «ሚስማር እንዳትመቱ፣ ምንም እንዳትለጥፉ» ነው፣ የሳልሻቸውን ስዕሎች ቁምሳጥኑ በር ውስጥ ነበር የምለጥፍልሽ። ስለዚህ አሁን ደስ ያለሽን አርጊ። ግን አራቱንም ግድግዳ አትሸፍኚ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው ያፍንሻል፣ የአልጋው ራስጌ ያለው አንዱ ይበቃል። ካሰብሻቸው ዎልፔፐሮች ያን ቅጠል ቅጠል ያለበትን አረንጓዴውን ወድጄዋለሁ፣ የወርቅ መስመር ያለው እብነበረድ መሳዩ ግን የሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው የሚመስለው፣ ጓደኞችሽ ስለለጠፉት ብለሽ ነው? ያንን የጡብ ቅርጽ ያለው ተለጣፊ ስፖንጅ ደሞ ምድጃ አጠገብ እንዳላይ፣ እሳት ይይዛል።

ስትገዢ አንዱ ሮል ስፋቱ 53 ሳንቲ ርዝመቱ 10 ሜትር መሆኑን እዪ። ግድግዳሽ ስፋቱ 3 ሜትር ቁመቱ 2 ሜትር ከ60 ከሆነ ከአንድ ሮል ሦስት ቁመት ይወጣል፣ ስድስት ነው የሚያስፈልግሽ፣ ሁለት ሮል ማለት ነው። ሦስት ግዢ፣ ሲቀደድ መጠገኛ ይሆናል። ሮሎቹ ላይ ያለው የባች ቁጥር፣ አብረው መመረታቸውን የሚያሳየው ማለቴ ነው፣ አንድ አይነት ይሁን፣ ካልሆነ ቀለሙ ይለያይና ሲለጠፍ ያስታውቃል። ግድግዳው መጀመሪያ ስቱኮ ተቀብቶ ይስተካከል። ግን እርጥብ ላይ አይደለም፣ ሰምተሻል?

ለቀለም ቀቢው ቀብድ ከሰጠሽው እንኳን አትፍሪው፣ «እናቴ እምቢ አለች» በዪው። በርበሬና ሽሮ በቅዳሜው አውቶብስ ልኬልሻለሁ፣ ወንድምሽ ይቀበልልሽ። ላስቲኩን ስትነቅዪ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እኔ ሳላየው ኮላ እንዳይበጠበጥ።

እናትሽ